ሞተሩ ገባ፣ ሽቦውስ?

«ሞተር ተቀየረ» ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ከባዱ ብረት ነው፤ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የወጣው አሮጌ ሞተር፣ በቦታው የገባው ሌላ ሞተር፣ አዲስ የተበየደ የሞተር መቀመጫ፣ ከካምቢዮው ጋር የገጠመ ፍሪሲዮን። ባለመኪናውም ከጋራዡ ጋር ዋጋ የሚከራከረው በዚሁ ላይ ነው። ሽቦው በመጨረሻው ቀን፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ የሚደረስበት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እዚህ የምከራከርለት ነገር ግልጽ ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተር ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር ሽቦውን ማዋሐድ የሥራው እኩሌታ ነው፤ መታሰብ ያለበት ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ሲሠራም ነገ በሌላ ከተማ ያ መኪና የሚደርሰው ሌላ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል መንገድ መሠራት አለበት። ይህ አዲስ አበባ ላይም እውነት ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በማጂ መንገድ ላይ ግን ሳይሠሩት መቅረት የሚያስከፍለው ዋጋ ይበዛል።

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቴፒ ከዚያም ይበልጣል፤ ማጂ ደግሞ ከሚዛን ወደ ደቡብ፣ ተራራው ላይ ናት። ሦስቱንም የሚያቅፈው፣ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከሀገሪቱ ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ነው፤ በቡናው ምድር በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ጭቃው፣ ጤዛው፣ የኮረብታው ንዝረት ሁሉ ሽቦን የሚጎዳ ነው። ከፍታውም ይለዋወጣል። ቴፒ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሚዛን ተፈሪ ወደ 1450፣ ማጂ ከተማ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። በእያንዳንዱ 1000 ሜትር አቀበት አየሩ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ ማስተካከል አለበት። በዚህ ላይ የቡናው ጠባይ አለ። ጀንፈል ቡና መጋዘን ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ለማጠቢያ ጣቢያ የተለቀመ እሸት ቡና ግን በለቀሙት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ከነገለፈቱ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። እሸት የጫነ ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ በመኸር ምሽት መንገድ ላይ ቢቆም ከመኪናው ጋር የብዙ ገበሬ የቀን ልፋት አብሮ ይቆማል።

የሽቦ እስር፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሃርነስ፣ ከባትሪ፣ ከቁልፍ፣ ከክሩስኮቶና ከኮምፒዩተር ተነስተው ወደ ሞተሩ የሚሄዱ ሽቦዎች ነዶ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ውፍረት፣ ቀለምና መድረሻ ሶኬት አለው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ጥቁር ገመድ ስለሚመስል ይናቃል። በመኪና ፋብሪካ ግን እንዲህ አይታይም። በ2022 እ.ኤ.አ. የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ በምዕራብ ዩክሬን የነበሩ የሽቦ እስር ፋብሪካዎች ሥራ አቋረጡ፤ በሳምንታት ውስጥ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ጀርመን ውስጥ አንዳንድ የመገጣጠሚያ መስመሮቻቸውን ለማቆም ተገደዱ። ብረቱ፣ ጎማው፣ ሞተሩ ሁሉ ነበር። ዛሬም ቢሆን ይህ ዕቃ በአብዛኛው በሰው እጅ፣ ሰሌዳ ላይ እየተዘረጋ ነው የሚታሰረው፤ ለአንድ ሞዴል የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ፋብሪካዎቹ ያለ እሱ አንድ መኪና ማስወጣት ካልቻሉ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ በመቁረጫና በናስትሮ ይተካል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ችግሩ የመጣው ከሞተሮቹ ለውጥ ጋር ነው። የድሮውን የቶዮታ 5ኤል የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። 3.0 ሊትር ነው፤ ነዳጁን የሚያከፋፍለው ያለ ኮምፒዩተር፣ በሞተሩ በራሱ የሚዞር ፖምፓ ነው። ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ጥቂት ነው፦ ሞተሪኖ፣ ባትሪ መሙያ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች፣ ቁልፍ ሲጠፋ ነዳጅ የሚዘጋ ቫልቭ፣ የሙቀትና የዘይት መለኪያ። ለማገናኘት አሥር ሽቦ ያህል ይበቃዋል። አሁን ይህ ሞተር ባለበት የድሮ ሃይሉክስ ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃይሉክስ የሚጠቀምበት 2ኬዲ፣ ማለትም 2.5 ሊትሩ ባለኮምፒዩተር ናፍጣ ሞተር ተገጠመ እንበል። ነዳጁ በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ከ1000 ባር በሚበልጥ ግፊት ይጠበቃል። የመኪና ጎማ በሁለት ባር ገደማ እንደሚነፋ ማስታወስ የግፊቱን ልክ ያሳያል። መቼና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ለዚህም የክራንክሻፍትና የካምሻፍት ዳሳሾች፣ የቱቦ ግፊት፣ የሞተር፣ የነዳጅና የአየር ሙቀት፣ የአየር ግፊት ሁሉ በሽቦ ይነገሩታል። የነዳጅ መስጫ ፔዳሉም ገመድ የለውም፤ ስድስት ሽቦ ይዞ ምን ያህል እንደተረገጠ ሁለት ጊዜ ይናገራል። ሁለቱ ንግግሮች ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩ ኃይሉን ይቀንሳል። ኢንጀክተሮቹን ለመክፈት ደግሞ በብዙዎቹ ውስጥ ከ100 ቮልት በላይ የሚያመነጭ ልዩ ሣጥን አለ፤ ይህ ሽቦ ሞተሩ ሲሠራ በእጅ የሚነካ አይደለም።

እንግዲህ መኪናው ለሞተሩ ምን ይሰጠዋል? ቀጥተኛ የባትሪ ኃይል፣ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ኃይል፣ ሞተሪኖ ሲዞር የሚመጣ ምልክት፣ አስተማማኝ ግራውንድ፣ የፍሬን ፔዳል ስዊች፣ የፍጥነት ምልክት። ሞተሩስ ለመኪናው ምን ይመልሳል? የሙቀት፣ የዘይት፣ የባትሪና የብልሽት መብራት። አዲሱ ከአሮጌው የሚገናኝበት ድንበር ይህ ብቻ ነው፤ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሽቦዎች። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኮምፒዩተሩ እስከ ሞተሩ ዳሳሾች ያለው እስር፣ ፋብሪካው እንደሠራው ሳይነካ ቢመጣ ሥራው የሚቻልና የሚጣራ ይሆናል። ሞተሩ ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ ቦታ ሲገዛ ሽቦው በመቁረጫ ተገዝግዞ ከመጣ ግን፣ ድንበሩ ከ20 ወደ መቶ የሚጠጋ ሽቦ ያድጋል፤ እያንዳንዱም መቀጠል አለበት። ስለዚህ ገዢው ማንሳት ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ሳይሆን «ሽቦው ሙሉ ነው ወይ? ኮምፒዩተሩስ አብሮ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ቁልፉም አብሮ መጠየቅ አለበት። ብዙ የቶዮታ ኮምፒዩተሮች ቁልፍ ውስጥ ያለች ቺፕ ካላዩ ሞተሩን አያስነሱም፤ ወይም አስነስተው ወዲያው ያጠፉታል። መኪናው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ይህ ሲታወቅ የሚጠፋው ገንዘብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ አንድ ቁልፍ ከሻጩ እጅ መቀበል ይበቃው ነበርና።

መጥፎ ቅጥል ምን ያደርጋል የሚለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። የቶዮታ ሞተሮች የውኃ ሙቀት ዳሳሽ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው የሚበዛ፣ ሲሞቅ የሚቀንስ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ይሆናል። ሞተሩ 80 ዲግሪ ደርሶ ዳሳሹ 320 ኦም ላይ ሳለ፣ በጭቃና በዝናብ የዛገ ቅጥል 260 ኦም ቢጨምር ኮምፒዩተሩ የሚያየው 580 ኦም ነው፤ ይህ ለእሱ 60 ዲግሪ ማለት ነው። ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጁን በዚያው ልክ ይሰፍራል። የብልሽት መብራት አይበራም፤ 60 ዲግሪ ለኮምፒዩተሩ የሚታመን ቁጥር ነውና። ባለመኪናው የሚያየው ናፍጣ መብላቱንና ጭሱን ብቻ ነው። ኢንጀክተር ይቀየራል፣ ፖምፓ ይፈታል፣ ሞተሩ ይሰደባል፤ በደለኛው ግን በናስትሮ የተጠቀለለ የሁለት ሳንቲም ሜትር ቅጥል ነው። ከባዱ ገመድ ላይ ሒሳቡ በተቃራኒው ነው። ሞተሪኖ ሲዞር 200 አምፔር ይስባል ብንል፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ በሚሄደው ግራውንድ ላይ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ብቻ ቢጨመር ሁለት ቮልት ይጠፋል። ከ12 ቮልት ላይ ሁለት ማጣት በቀዝቃዛ የማጂ ማለዳ ሞተር የሚነሳበትንና የማይነሳበትን ይለያል። ይህ ግራውንድ ሞተር ሲቀየር ከሚረሱ ነገሮች ዋነኛው መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ሲረሳም ኃይሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በፔዳል ገመዶችና በቀጫጭን የዳሳሽ ሽቦዎች በኩል አልፎ ያቃጥላቸዋል።

ሌላው ጥንቃቄ ቮልቴጅ ነው። ብዙ አይሱዙዎችና አንዳንድ የድሮ ላንድክሩዘሮች በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለ12 ቮልት የተሠራ ኮምፒዩተር እንዲህ ባለ መኪና ላይ በቀጥታ ከተገናኘ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ የመኪናው ቮልቴጅ ሞተሩ ሳይገዛ መታወቅ አለበት።

ቅጥል ግድ በሚሆንበት ቦታ እንዴት ይቀጠል? እዚህ ላይ ሁለት ልማዶችን እቃወማለሁ። አንደኛው ሽቦዎቹን አጠማዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ናስትሮው በሞተር ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይላላል፤ ውኃ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ዝገት ያስይዘዋል። ሁለተኛው ጠንካራ ነው የሚባለው በስታኞ መበየድ ነው። ብየዳው ራሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስታኞው በሽቦው ክሮች ውስጥ ሰርጎ እስከ ቆመበት ድረስ ሽቦውን እንደ ብረት ዘንግ ያደርቀዋል። በኮረብታማ መንገድ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ የሚበጠሰው እዚያ፣ ደረቁ ከለስላሳው በሚገናኝበት ቦታ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች የሽቦውን ጫፍ በካፖኮርዳ የሚጨምቁት ለዚህ ነው፤ ትክክለኛ መጨመቂያ ያስፈልገዋል፣ ከዚያ በላዩ ሲሞቅ የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ይለብሳል። ቅጥሎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ እንዳያብጡ ከፍና ዝቅ እየተደረጉ ይሠራሉ። እስሩ ከሞተር ክፍል ወደ ካቢን ሲገባ በላስቲክ ውስጥ ያልፋል፤ ከመግባቱ በፊትም ውኃው ተንጠባጥቦ እንዲወርድ ወደታች ይጎነበሳል። ከባትሪ የሚነሳ ሽቦ ሁሉ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ የሚመረጠውም በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የመዳብ ክር የሚያስገባ ሰው ያንን ጠባቂ አስወግዷል፤ ቀጥሎ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ «ለማጂ መንገድ ኮምፒዩተር ያለው ሞተር ለምን? ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ይግጠሙ» የሚለው ነው። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ በገጠር መንገድ የታወቀውና የታመነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፣ ናፍጣና አየር ካገኘ ይሄዳል። የጥገና ሥፍራ ሁለት ቀን በሚርቅበት ቦታ፣ ያንን ሞተር በደህና ሁኔታ ማግኘት የሚችል ሰው ቢመርጠው ትክክል ነው። ግን ሁለት ነገር ይቀራል። በመጀመሪያ፣ እነዚህ ሞተሮች እያደር እያነሱና እያረጁ ነው፤ ዛሬ ከተፈታ መኪና የሚወጣው ሞተር ከሞላ ጎደል ባለኮምፒዩተር ነው፤ በመንገዶቻችን ላይ ያሉት አባዱላዎችና አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችም እንዲሁ። ምርጫው በገዢው ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ሁለተኛ፣ አቀበቱ ራሱ ለኮምፒዩተሩ ይመሰክርለታል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ፖምፓ ለቴፒ ሜዳ የተለካውን ናፍጣ ማጂ ተራራ ላይ ባለው በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ያህል ይረጨዋል፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የአየር ግፊቱን የሚለካው ባለኮምፒዩተሩ ሞተር ራሱ ይቀንሳል። የቀለለው ሞተር ያለ ጥርጥር የቀለለ ሽቦ አለው፤ የተሻለ ሞተር ነው ማለት ግን በሁሉ ቦታ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ነገር ነው። ሙሉ እስርና ኮምፒዩተር ያለው ሞተር ከተገዘገዘው ይበልጣል፤ ካፖኮርዳና ጥሩ ቱቦም ከናስትሮ ይበልጣሉ። ይህ እውነት ነው፤ የባለመኪናውም ኪስ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ በጋራዡ በር ላይ አያልቅም። ሳይታወቅ የሚጠፋ ኃይል፣ በስሕተት የሚቀየር ኢንጀክተር፣ ከሚዛን እስከ ጅማ ወይም አዲስ አበባ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ የሚሄድ የቆመ መኪና፣ የተበላሸ የእሸት ጭነት፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው ሥራ ዋጋ ናቸው፤ የሚከፈሉት ግን ዘግይተው ስለሆነ ከሽቦው ጋር አይቆጠሩም። ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ምን ይቀነስ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የሞተሩን ኮፈን ቀለምና የክሩስኮቶውን ጌጥ እቀንሳለሁ እንጂ ግራውንዱንና ፊውዙን አልቀንስም።

ሦስተኛው አስተያየት ከባለሙያዎቹ ይመጣል፦ «እኛ ሥዕል አያስፈልገንም፤ በቴስተር እየፈለግን እናገኘዋለን።» ያገኙታል፤ ይህን አልክድም። በቴስተርና በመብራት ብቻ የሞተ መኪና የሚያነሡ የአውቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ችሎታ ትልቅ ነው፤ ከአንዳንድ የተማረ ሰው ይበልጣሉ። የኔ ጥያቄ የእነሱ ችሎታ ላይ አይደለም። ያ ሠራተኛ ሚዛን ውስጥ የሠራውን መኪና የሚጠግነው ሰው ማጂ ወይም ቦንጋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው በአእምሮው የያዘውን አያይም፤ የሚያየው አንድ ዓይነት ቀለም ባላቸው ቅጥያ ሽቦዎች የተሞላ ነዶ ነው። የቶዮታ ሥዕሎች ይህን ለመፍታት የሽቦውን ቀለም በፊደል ይጽፋሉ፤ «ቢ» ጥቁር፣ «ደብሊው» ነጭ፣ «ኤል» ሰማያዊ ማለት ሲሆን፣ ሁለት ፊደል ሲሆን ሁለተኛው የመስመሩን ቀለም ይነግራል። አንድ ቀይ ሽቦ ለሁሉም ቅጥል ሲውል ይህ ቋንቋ ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው ግምት ነው፤ በኮምፒዩተር ላይ መገመት ደግሞ አንድ የ5 ቮልት መስመር ከ12 ቮልት ጋር ሲነካካ ያበቃል። ዘመናዊዎቹ መኪናዎች ላይ ይብሳል። ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካን የተባለው የመገናኛ ዘዴ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ያነጋግራል፤ ባትሪው ተነቅሎ ሲለካ በሁለቱ መካከል 60 ኦም ገደማ መገኘት አለበት፤ በሁለቱ ጫፍ 120 ኦም የሆኑ ሁለት ተቃውሞዎች ስላሉ ነው። ጠምዛዛውን ፈትቶ ቀጥታ ሽቦ የሚቀጥል ሰው መኪናው ቢነሣለትም ሥራው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ጠምዛዛው የተሠራው ከሌሎች ሽቦዎች የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ እንዲያጠፋ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ነገሩ ሁሉ በቅርቡ ያልቃል ይላሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ፤ የወደፊቱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ታዲያ ስለ ሞተር ሽቦ መጨነቅ ለምን? እኔ ከዚህ ዜና ተቃራኒውን ነው የምረዳው። የሚገቡት አዳዲስ የነዳጅ መኪናዎች ካነሱ ያሉት ረጅም ዕድሜ መኖር ይኖርባቸዋል፤ ይህም ሞተር የሚቀየርበትን ጊዜ ያበዛዋል። የኤሌክትሪኩ መኪናም ቢሆን ከነዳጁ ይልቅ የሽቦ ፍጥረት ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶቹ በብዙ መቶ ቮልት ይሠራሉ፤ ባልተጻፈ ልማድ የሚነካካቸው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አሁን የሚለመደው ጽሑፍ ያኔ የሚያስፈልገው ጽሑፍ ነው። የዚህ ትምህርት ቦታም ሩቅ አይደለም፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ያለው በቴፒ ካምፓሱ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ሥዕል ማንበብ ከሽቦ መጨመቅ ጋር አብሮ ቢሠለጥን መምህሩም ሠልጣኙም እዚያው ናቸው።

ሕጉ ለብረቱ ያሰበውን ለሽቦውም ማሰብ ይቻላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የሞተሩን ቁጥር ከመኪናው መዝገብ ጋር ያቆራኘዋል፤ ሞተር ሲቀየር ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ መቀየር አለበት። የተቀየረውን ሽቦ የሚመዘግብ ግን የለም። ለዚህ ቢሮ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀት ይበቃል። በእሱ ላይ ሞተሩ ከየትኛው ሞዴልና ዓመት እንደመጣ፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥር፣ የድንበሩ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ከየትኛው ቀለም ወደ የትኛው ቀለም እንደተቀጠሉ፣ ፊውዞቹና ሪሌዎቹ የት እንዳሉ፣ ግራውንዶቹ በየትኛው ብሎን እንደታሰሩ፣ የሠራው ጋራዥና ቀኑ ይጻፋል። አንዱ ቅጂ ጋራዡ ይቀመጥ፤ ሌላው በላስቲክ ተሸፍኖ ከሊብሬው ጋር ክሩስኮቶው ውስጥ ይገባል።